የሁለቱ ሽልንጎች ታሪክ



ባለፈው ሰሞን በሻይ ቤቱ ዳስ ሥር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከመካከላችን አንድ ወንድም ወደ ደቡብ ለመሄድ ቆርጦ ተነሥቷል። ደላላው የነገረው መንገድ ከዚህ ወደ ናይሮቢ፥ ከናይሮቢ በናማንጋ በኩል ወደ ታንዛኒያ፥ ከዚያም ወዲያ ነው። «ሌላው ቢቀር ታንዛኒያ እኖራለሁ፤ ሕዝቡ ሰላማዊ ነው፤ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ኬንያን ለቅቀህ ታንዛኒያ? ከድሃ ቤት ወጥተህ ወደ ባሰው ድሃ ቤት?» ሲል ይመልስለታል። ክርክሩ ጋለ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። በዚህ መሐል አብረውን የተቀመጡ አንድ አባት ከኪሳቸው ሁለት ሳንቲም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። አንዱ የኬንያ ነው፤ ሁለተኛው የታንዛኒያ። «ልጆቼ፥ እነዚህ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ዛሬ ያንዱ አንድ ሽልንግ የሌላውን ሃያ ያህል ያወጣል። ከመጣላታችሁ በፊት እንዴት እንደ ተለያዩ ጠይቁ» አሉን።

እኛም የአባባን ቃል ከልብ ስላደረግነው ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣን። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የታሪክ መምህራችን ደጋግመው ያስጠነቅቁን የነበረው ነገር ትዝ አለን:- ሁለት አገር ስታወዳድሩ «የማን ኑሮ?» እና «በየትኛው ዓመት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ብይን አትስጡ ይሉን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሽልንጉ በእርግጥም አንድ ነበር። ኬንያ፥ ኡጋንዳና ታንጋኒካ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳሉ በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይገበያዩ ነበር። (ታንጋኒካ የሚባለው የዛሬዋ ታንዛኒያ በ1964 ከዛንዚባር ጋር ከመዋሐዷ በፊት የነበራት ስም ነው።) እንዲያውም የእኛም አያቶች ይህን ገንዘብ ያውቁታል፤ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ይዘውት ገብተው የራሳችን ብር በ1945 እስኪታተም ድረስ በአገራችን ሲሠራበት ቆይቷል። ሦስቱ አገሮች ነፃ ወጥተው የየራሳቸውን ገንዘብ ያወጡት በ1966 ነው። ያን ጊዜ አንድ የኬንያ ሽልንግና አንድ የታንዛኒያ ሽልንግ ልክ ለልክ ነበሩ።

ታዲያ መነሻቸው እኩል ነበር ማለት ነውን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የባቡር ሐዲዱ፥ ፖስታውና አየር መንገዱ የጋራ ንብረት ነው ቢባልም ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ነበር። ናይሮቢ ራሷ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚሄደው ሐዲድ ሲዘረጋ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን ለም ደጋ ነጭ ሠፋሪዎች ያዙት፤ «የነጮች ደጋ» ተባለ። ሠፋሪው ወተቱን የሚያስረክብበት፥ ቡናውን የሚያስቀሽርበት፥ ገንዘቡን የሚያኖርበት ይፈልግ ነበርና ፋብሪካውም፥ ባንኩም፥ መንገዱም እርሱን ተከትሎ ኬንያ ላይ ተተከለ። ታንጋኒካ ግን መጀመሪያ የጀርመን፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በመንግሥታት ማኅበር አደራ ለእንግሊዝ የተሰጠች አገር ነበረች። በአደራ በተያዘ ቤት ላይ ማን ፎቅ ይሠራል?

አንድ ጊዜ ብቻ ትልቅ ነገር ተሞክሮ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በአገራቸው የቅባት እጥረት ስለ ደረሰባቸው ከ1947 ጀምሮ ኮንግዋ በተባለ ቦታና በሌሎችም ሥፍራዎች ኦቾሎኒ በሰፊው ሊዘሩ ተነሡ። ትራክተሩ መጣ፤ ጫካው ተመነጠረ። ነገር ግን አፈሩ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ ዝናቡም በሚፈለገው ሰዓት አይመጣም። በ1951 ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካፈሰሱ በኋላ ጥለውት ሄዱ። የአገሩን ገበሬ ቢጠይቁት በነፃ ይነግራቸው ነበር። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ታንጋኒካ በታኅሣሥ 1961፥ ኬንያም በታኅሣሥ 1963 ነፃ ሲወጡ ኬንያ በፋብሪካም፥ በመንገድም፥ በገቢም ትቀድም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሀብት የማን ነበር? የኬንያ ገበሬ ከደጋው ተነቅሎ በተከለለ መሬት ተጨናንቆ፥ «ኪፓንዴ» የሚባለውን የይለፍ ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር አድርጎ ባንገቱ አንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። (የራሽን ካርዱን ባንገቱ የሚያንጠለጥል ሰው ይህ ስሜት ሳይነገረው ይገባዋል።) በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የማው ማው ጦርነት የተቀጣጠለው በዚሁ በመሬት ጉዳይ ነው። ታንጋኒካም ብትሆን የተሻለ ነገር አልወረሰችም። ራሳቸው አስተማሪ የነበሩት፥ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ምዋሊሙ» ማለትም «መምህር» እያለ የሚጠራቸው ጁሊየስ ኔሬሬ ይህን ሲናገሩ፥ እንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማውን ሲያወርድ 85 ከመቶው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ የሠለጠኑ መሐንዲሶቻችን 2፥ ሐኪሞቻችንም 12 ነበሩ ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ ለሁለት የተከፈለው።

ኬንያ በ1965 ያወጣችው የፖሊሲ ሰነድ ርእሱ «አፍሪካዊ ሶሻሊዝም» ይላል። ውስጡን ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው የግል ሀብትንና የውጭ ካፒታልን ነው። መጀመሪያ ኬክው ይደግ፥ ከዚያ ይቆረሳል የሚል ነበር ሐሳቡ። መሬቱም አልተወረሰም፤ ተገዛ። በእንግሊዝ ብድር ከሠፋሪዎች እየተገዛ ወደ 35,000 ለሚጠጉ አባወራዎች ተሸነሸነ። ገበሬው የአባቱን መሬት በዱቤ ገዛ ማለት ነው። ሰፋፊው እርሻ ግን ሳይቆረስ ከነጩ ጌታ ወደ ጥቁሩ ጌታ ተላለፈ። ይህን ስንል መልካሙን መሸሸግ የለብንም። በቅኝ ግዛት ዘመን ቡናና ሻይ እንዳይተክል ተከልክሎ የነበረው ትንሹ ገበሬ ክልከላው ከተነሣለት በኋላ እጁን አፍታታ፤ በ1964 የተቋቋመው የሻይ ልማት ድርጅትም ቅጠሉን ከየጓሮው እየሰበሰበ ለዓለም ገበያ አቀረበለት። ኬንያ ዛሬ በሻይ ንግድ በዓለም ፊት መሪ ከሆኑት አገሮች አንዷ የሆነችው በእነዚህ ጓሮዎች ነው። ከ1964 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የአገሪቱ ምርት በየዓመቱ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ አደገ።

ታንዛኒያ ደግሞ በየካቲት 1967 የአሩሻን መግለጫ አወጣች። ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች ተወረሱ። መሪ የሆነ ሰው አክሲዮን እንዳይገዛ፥ ቤት እንዳያከራይ፥ ሁለት ደመወዝ እንዳይበላ ተከለከለ። ኬንያ በዚህ አንጻር ምን እንዳደረገች ማየት ደስ ይላል፤ ወይም ያሳዝናል፤ እንደ አንባቢው ነው። በ1971 አንድ ኮሚሽን ተሰይሞ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጎን ነግዶ ቢያተርፍ ነውር የለውም ብሎ አረፈው። ጠዋት ፈቃድ ሰጪው፥ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠያቂው አንድ ሰው ሆነ። የፓርላማ አባል የነበሩት ጄ. ኤም. ካሪዩኪ አሥር ሚሊየነሮችና አሥር ሚሊዮን ለማኞች ያሉባት ኬንያ አንፈልግም እያሉ ይናገሩ ነበር፤ በመጋቢት 1975 ተገድለው ተገኙ።

ሁለቱ ጎረቤቶች እርስ በርስ መሰዳደብም ጀመሩ። ታንዛኒያዎች ኬንያን «ሰው ሰውን የሚበላባት አገር» አሏት። የኬንያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቻርልስ ንጆንጆ ደግሞ «የእናንተማ ሰው ምንም የማይበላባት አገር ናት» ብለው መለሱ ይባላል። ስድቡ ቀልድ ይመስላል እንጂ፥ በእኛ አስተያየት፥ ከብዙ የምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ይልቅ የዘመኑን እውነት ይዟል። የሁለቱም ስድብ ልክ ነበርና።

ሰው ምንም የማይበላባት የተባለችው ለምን ነበር? ኔሬሬ ገበሬው ተበታትኖ ከሚኖር ባንድ መንደር ቢሰበሰብ ትምህርት ቤትም፥ ጤና ጣቢያም፥ የቧንቧ ውሃም ይደርሰዋል ብለው አመኑ። «ኡጃማ» አሉት፤ እንደ ቤተሰብ አብሮ መኖር ማለት ነው። መጀመሪያ በውዴታ ነበር። በ1973 ግን ገጠሬው ሁሉ እስከ 1976 መጨረሻ በመንደር ይግባ ተብሎ ታዘዘ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብም ተነቀለ። እምቢ ያለው ጎጆው የተቃጠለበት ቦታ ነበር። መንደሩ የተቆረቆረው ለመኪና እንዲመች ከመንገድ ዳር ነው፤ ለእርሻ የሚመቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ሰሞን ድርቅ ስለ ተጨመረበት አገሪቱ እህል ከውጭ ገዛች። የኮንግዋን ኦቾሎኒ ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። የውጭ ገዥው በትራክተር የሳተውን የገዛ ልጃቸው በካድሬ ሳቱት፤ በሁለቱም ጊዜ አፈሩን የሚያውቀው ገበሬ አልተጠየቀም። በአገራችንም ከ1985 ጀምሮ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በተካሄደበት ወቅት ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ያፈረሱ ወላጆች ያሏቸው በዚህ ካምፕ ውስጥ አሉና ይህን ማብራራት አያስፈልገንም።

በላዩ ላይ የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ የታንዛኒያ ዋና የገቢ ምንጭ የነበረው ቃጫ በሰው ሠራሽ ክር ተተካ፤ ከ1978 እስከ 1979 ከኢዲ አሚን ጋር የተደረገው ጦርነት ካዝናውን አራቆተ። መንግሥትም ራሱ ስሕተት ጨመረበት። የኪሊማንጃሮ ቡና ገበሬዎች በ1933 ያቋቋሙትን የመሰለ አንጋፋ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሳይቀር በ1976 አፍርሶ ገበሬውን ለመንግሥት ድርጅት አስረከበው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሳሙናና ስኳር ለመግዛት ወረፋ የሚያዝበት፥ ከተገኘም በጓሮ በር የሚገኝበት ጊዜ ሆነ። የመንደሩ ውሃ ፓምፕ ተተክሏል፤ ናፍጣና መለዋወጫ ግን የለም። ሦስቱን አገሮች ያስተሳሰረው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር በ1977 ፈርሶ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ ኬላው እንደገና የተከፈተው በ1983 ነው። በእነዚያ ዓመታት በናማንጋ በሌሊት ምን ይሻገር እንደ ነበር የድንበር ሰው የሆነ ሁሉ ይገምተዋል። ኔሬሬ በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ተተኪያቸው አሊ ሐሰን ምዊኒ በ1986 ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምተው ገበያውን ከፈቱት። የታንዛኒያ ሽልንግ ከወንድሙ ርቆ የወደቀው በእነዚህ ዓመታትና ከዚያም በኋላ ነው። (ሆኖም የገንዘብ ቁጥር ብቻውን የኑሮ ሚዛን አይሆንም። አንድ ዶላር ከመቶ በላይ የጃፓን የን ይመነዘራል፤ ጃፓኖች ድሆች ናቸው የሚል ግን የለም። አባባ ይህን አይቀየሙንም።)

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ፤ ስለ ትምህርት ቤት ስንናገር ብዕራችን ቢረዝም ይቅርታ።

ታንዛኒያ በ1974 ሕፃን ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያግኝ ብላ ወሰነች። አስተማሪ ከየት ይምጣ? 7ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ተመለመሉ። ግማሹን ቀን በመንደራቸው ያስተምራሉ፤ የቀረውን በደብዳቤና በራዲዮ ራሳቸው ይማራሉ። በዚህ ዘዴ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ተገኙ። አዋቂው በማታ ተማረ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ መንግሥት 90 በመቶ ያህሉ አዋቂ ማንበብ ይችላል ብሎ አስታወቀ። የመንግሥት ቁጥር የመንግሥት ቁጥር ነው፤ ቢቀናነስም እንኳ 85 ከመቶው መሃይም ከነበረበት አገር ታላቅ ሥራ ነው። እኛም በዚህ ካምፕ ከመቶ በላይ ሕፃናት በሞሉበት ክፍል ያልሠለጠኑ ወጣቶች በጥቂት የማበረታቻ ገንዘብ ሲያስተምሩ እያየን ነው። ጥራቱ ይጓደላል። ግን ሕፃኑ ከውጭ ሆኖ ከሚቀር ይሻላል የሚለውን ከኔሬሬ ጋር እንስማማበታለን።

የማንስማማበት ደግሞ አለ። ኔሬሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገበሬው የሚለይ የተማረ መደብ ይፈጥራል ብለው ስለ ሰጉ በሩን አጠበቡት። በ1980ዎቹ ውስጥ ከመቶ ለሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ከደረሱ ታንዛኒያውያን ገብተው የሚማሩት ከአምስት አይበልጡም ነበር። በኬንያ ግን ወላጆች «ሐራምቤ» እያሉ ገንዘብ አዋጥተው፥ ድንጋይ ተሸክመው በየመንደሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠሩ። ብዙዎቹ ቤተ ሙከራ የሌላቸው፥ መጽሐፍ የጎደላቸው ነበሩ። ጆን ናይትና ሪቻርድ ሳቦት የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የናይሮቢንና የዳሬ ሰላምን ሠራተኞች አወዳድረው በ1990 ባወጡት መጽሐፍ ያገኙት ውጤት አስገራሚ ነው። ትምህርቱ የበዛበት የኬንያ ሠራተኛ ይበልጥ ያመርታል፤ ከዚያም አልፎ የተማረው ሰው ቁጥር ስለ በዛ በሠራተኞች መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት እየጠበበ ሄደ። እኩልነትን ፍለጋ በሩን የዘጋችው ታንዛኒያ ግን የምስክር ወረቀቱን እንደ ወርቅ ብርቅ አደረገችው። ይህን ያነበብን ቀን ሌሊቱን ስንከራከርበት አደርን።

ኬንያም ብትሆን በነፃ አላስተማረችም። በ1974 ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ክፍያ ሲነሣ የተማሪው ቁጥር ባንድ ዓመት ከ1.8 ሚሊዮን ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ፤ ወዲያው ግን «የሕንፃ ማሠሪያ» በሚል ስም ክፍያው ተመለሰና ብዙው ሕፃን ወደ ቤቱ ተመለሰ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከክፍያ የተላቀቀው ታንዛኒያ ውስጥ በ2001፥ ኬንያ ውስጥ በ2003 ነው።

ዛሬስ? በ2022 የኬንያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ2,000 ዶላር ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ የታንዛኒያ 1,200 ገደማ። አንድ አዋቂ ኬንያዊ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ ተምሯል፤ ታንዛኒያዊው 6 ዓመት አይሞላም። እዚህ ላይ ቆም ብንል የሻይ ቤቱ ሁለተኛ ተከራካሪ ረትቷል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ስሌት እንደሚያሳየው በ2021 የኬንያዊ አማካይ ዕድሜ 61 ዓመት፥ የታንዛኒያዊ 66 ዓመት ገደማ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኬንያ ናት በዚህ የምትቀድመው። ድሃው ጎረቤት ከሀብታሙ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ሌላም የሚያስደንቅ አለ። በገቢ መበላለጥ ኬንያ ክፉ ስም ነበራት፤ የአሩሻ መግለጫ አገር ግን እኩልነትን ሰባኪ ነበረች። የቅርብ ዓመታት የዓለም ባንክ መለኪያ ሁለቱንም ከመቶ ወደ 40 አካባቢ ያስቀምጣቸዋል። ሁለቱ መንገዶች ዞረው ዞረው በመበላለጥ ተገናኙ።

«ዘርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም» ያለው ወንድማችን ግን ከንቱ አልተናገረም። ኔሬሬ ስዋሂሊን የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ አደረጉ፤ ከ120 በላይ ነገድ ያለበት አገር ባንድ ቋንቋ ተግባባ። ኤድዋርድ ሚጌል የተባለ ተመራማሪ በ2004 ባሳተመው ጥናት የኬንያን ቡሲያ ወረዳና የታንዛኒያን ሜአቱ ወረዳ አወዳደረ። በቡሲያ የተለያዩ ነገዶች በተቀላቀሉበት ሰፈር ወላጆች ለትምህርት ቤቱ የሚያዋጡት ገንዘብ ያንሳል፤ የሌላ ነገድ ልጅ የሚቀመጥበትን ወንበር ማን ይገዛል? በሜአቱ ግን መቀላቀሉ መዋጮውን አልቀነሰውም። ይህን በወንበር ቁጥር የሚለካ ኑሮ እንበለው። በሕይወት የሚለካው ደግሞ ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በኋላ መጣ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በመቶ ሺ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። በነፍስ ወከፍ ገቢ ሠንጠረዥ ላይ ይህ አይታይም።

ታንዛኒያንም ግን መላእክት የሚኖሩባት አገር አናድርጋት። በጥር 2001 ዛንዚባር ላይ ሰልፈኞች ተተኩሶባቸው ሞቱ፤ ከሁለት ሺ በላይ ሰዎችም በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ሺሞኒ ወደተባለችው የኬንያ ጠረፍ ሸሹ። ሰላማዊ የምንላት አገር ስደተኛ ላከች፤ ያስጠጋቻቸውም «ሰው ሰውን የሚበላባት» የተባለችው ነች። በጥቅምት 2025 ደግሞ ምርጫውን ተከትሎ በዋናው ምድር ደም ፈሰሰ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዜጎች ነው። እኛ ግን ከሁለቱም አይደለንም። ለእኛ ብጤ ሚዛኑ ሌላ ነው። ሩዋንዳዎች ከ1959 ጀምሮ፥ ብሩንዲዎችም በ1972 ከእልቂት ሲሸሹ ታንዛኒያ ምን አደረገች? ኡልያንኩሉ፥ ካቱምባና ሚሻሞ በተባሉ ቦታዎች መሬት ቆርሳ ሰጠች። ጫካ ነበር፤ ስደተኛው መነጠረው፤ በቆሎና ትምባሆ ዘራበት። ራሽን መቀበል ትቶ ግብር መክፈል ጀመረ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አገሪቱ ራሷ ሳሙና ባጣችባቸው ዓመታት ጭምር ነው። ኔሬሬ በ1983 የናንሰንን የስደተኞች ሽልማት ተቀበሉ። በ2014 ደግሞ ከእነዚያ ከ1972 ብሩንዲዎችና ከልጆቻቸው ውስጥ ለ162,000 ያህሉ ዜግነት ተሰጠ። በአፍሪካ ምድር ይህን ያህል ስደተኛ ባንድ ጊዜ ዜጋ ሲሆን እኛ ሌላ ምሳሌ አላገኘንም።

ኬንያም እስከ 1990 ድረስ የነበሯትን ጥቂት ሺ ስደተኞች በከተማ ሠርተው እንዲኖሩ ትተዋቸው ነበር። በ1991ና በ1992 ሶማሊያ ስትፈርስ፥ በአገራችንም መንግሥት ሲለወጥ ከ400,000 በላይ ሰው ባንዴ ገባና በደረቁ ሰሜን ካምፕ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የምትቀመጡበት ነው። በመጋቢት 2025 መንግሥት «ሺሪካ» የተባለ ካምፖቹን ወደ መኖሪያ ሠፈር የሚለውጥ ዕቅድ አስታውቋል፤ ወረቀቱን አይተናል፤ ቀሪውን ጊዜ ያሳየናል።

ወንድማችን የሚያልማት ታንዛኒያ እንግዲህ የ1972ቷ ታንዛኒያ ናት። እርሷ የለችም። በ1994 ሩሱሞ ላይ ባንድ ቀን ሩብ ሚሊዮን ሩዋንዳውያን ከተሻገሩባት በኋላ ልቧ ዛለ፤ በ1995 ከብሩንዲ በኩል ድንበር ዘጋች፤ በ1996 መጨረሻ ሩዋንዳውያኑን አስወጣች፤ በ1998 ባወጣችው ሕግ ስደተኛው ከካምፕ እንዳይወጣ አዘዘች። ያለ ፈቃድ ሲያልፉ የተያዙ የአገራችን ልጆች በእስር ቤቶቿ ይማቅቃሉ። በሰኔ 2012 ዶዶማ አጠገብ ከአንድ የጭነት መኪና ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተጥለው ተገኙ። ወደ ደቡብ የሚሄዱ ነበሩ፤ በናማንጋ ይሁን በሌላ በኩል የገቡት ብዙዎቹ በዚሁ በኬንያ ያለፉ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ በእጅ ገልብጠን ከመጨረሳችን በፊት ለዚያ ወንድም በቃል አነበብንለት። ስለ ኡልያንኩሉ ስንደርስ «መሬቱን ስንት ሄክታር ሰጧቸው?» ብሎ አስቆመን። ስለ መኪናው ስናነብ ምንም አልጠየቀም። ደላላው የቀጠረው ለፊታችን ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ግን ከእኛ ጋር ለሕፃናቱ መማሪያ ዳስ ቆርቆሮ ሲያነሣ ዋለ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ አናውቅም። አባባ ሁለቱን ሳንቲሞች ለክፍላችን ሰጥተውናል፤ ታሪክ ስናስተምር ልጆቹ እየተቀባበሉ ያዩአቸዋል።